የሚጾም ሰዓት

በጥር ወር ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው ሲኦል ቢገባ እንኳ የመጀመሪያዋን ሳምንት እጁን እያሟሟቀ በደስታ ያሳልፋታል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከበራችን ስወጣ ከአፍንጫዬ የሚወርደው ውሃ ከንፈሬ ሳይደርስ ይረጋ ነበር። ቀኝ ጆሮዬን ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ጥዬው ተመልሼ አንስቼዋለሁ። ይህን ስናገር የማያምኑኝ ሰዎች አሉ፤ ደብረ ብርሃን አድረው የማያውቁ ናቸው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። እኔ ተቀጠርኩ እንጂ እግሬ አልተቀጠረም። ጠረጴዛ ሥር ሆኖ ቀኑን ሙሉ ወለሉን ሲደልቅ ይውላል። አለቃዬ አንድ ቀን ብዕሩን አስቀምጦ፣ "ወይ እግርህን ቤት ትተህልኝ ና፣ ወይ እግርህን ብቻ ላክልኝና አንተ ቤት ዋል፤ ሁለታችሁ አንድ ላይ ስትሆኑ አልቻልኩም" አለኝ። እውነቱን ነበር። ስብሰባ ላይ እቆማለሁ፣ ስቆም እራመዳለሁ፣ ስራመድ ሌላ ከተማ ያምረኛል። አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ባየሁ ቁጥር የሆነ ዕቃ የረሳሁ ይመስል ልቤ ይመታል።

ይህን እግር ሥራ ላስይዘው ብዬ ከአንድ ጡረተኛ መካኒክ ያረጀች የእሽቅድድም ኮርሳ ብስክሌት ወሰድኩ። በለውጡ የእጄን ሰዓት ሰጠሁት። እሱ ያለ ብስክሌት፣ እኔ ያለ ሰዓት ቀረን። ያን ዕለት ማን እንዳታለለ እስከ ዛሬ አልተለየም፤ ብስክሌቷ አንድ ማርሽ ነበራት፤ ሰዓቱም አንድ ቆጣሪ ብቻ ነበረው።

ወዲያው በዚያው ወር የአውራጃው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ለጠፈ። በግንቦት መጨረሻ ላይ የብስክሌት ውድድር ይደረጋል። መነሻው ከተማው መውጫ ላይ ያለው ኬላ ነው፤ ጫጫ ደርሶ መመለስ ነው፤ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ። በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ያልገባ ስሙ እንኳ አይጻፍም። ከገቡት መካከል አንደኛ የወጣው አንድ ሰው ብቻ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ተመርጦ አዲስ አበባ ይገባል፤ እዚያው እየተለማመደ፣ እዚያው ይኖራል። ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አራተኛውን ሳነብ እግሬ ብቻውን ወደ ቤት ሄዶ ነበር።

ቤት ውስጥ የምንኖረው ሁለት ነን፤ እኔና አባቴ። እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ልጅ የለም። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ ደብር ያገለገሉ፣ ከወንበራቸው ሲነሱ እንኳ ለመነሳቱ ምክንያት የሚፈልጉ የረጋ ሰው። ከሳቸው እኔ እንዴት እንደወጣሁ ለሳቸውም ግራ ነበር። ማስታወቂያውን ስነግራቸው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ።

"ብትመረጥ ትሄዳለህ ማለት ነው" አሉ።

"ብመረጥ ነው አባባ።"

"ጥሩ።" ቀጥለውም፣ "እዚያ ማን ያበስልልሃል?" አሉኝ።

"እዚህስ ማን ያበስልልዎታል?" ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አላልኩም። ያን ዕለት አእምሮዬ ያለው ጎማ ላይ ነው።

ልምምድ ለመጀመር ሁለት ነገር ቸገረኝ። አንደኛው ኬላው ነበር። ከከተማ የሚወጣ ሁሉ እዚያ ቆሞ ይጠየቃል። ጠባቂው ካፖርቱ ከራሱ የሚበልጥ፣ ጠመንጃው ከካፖርቱ የሚያረጅ ሰውዬ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ገመዱን ሳይለቅ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"ጓድ፣ ወዴት ነው?"

"ጫጫ።"

"ለምን ጉዳይ?"

"ለመመለስ።"

"ለመመለስ ከሆነ ለምን ትሄዳለህ?"

አሰብኩበት። እስከ ዛሬም እያሰብኩበት ነው። "ልምምድ ነው ጓድ" አልኩት።

"ማንን ለማምለጥ ነው የምትለማመደው?"

የስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ወረቀት ባላወጣ ኖሮ ያ ሰውዬ ዛሬም እዚያው አቁሞ ይጠይቀኝ ነበር። ወረቀቱን ገለባብጦ ካየ በኋላ ገመዱን ዝቅ አደረገልኝና፣ "ይህን ጉልበት ሌላ ቦታ ይፈልጉታል፤ ብዙ አታሳየው" አለኝ። የቀልድ አባባል መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሁለተኛው ችግር ሰዓት ነው። በአንድ ሰዓት ከሩብ መግባቴን በምን አውቃለሁ? የኬላው የግድግዳ ሰዓት አራት ሰዓት ላይ ከቆመ ዓመታት አልፈውታል። ፀሐይን እንዳላይ የደብረ ብርሃን ጉም ፀሐይን የሚለቃት ሲያሰኘው ነው። መላው የተገኘው ከአባቴ አፍ ነው፤ ቃል በቃል።

አባቴ በየጠዋቱ በረንዳችን ላይ፣ መጽሐፉን ከአትሮንሱ ላይ ዘርግተው ዳዊት ይደግማሉ። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል፤ የሰኞው ድርሻ ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ ሠላሳ ነው። አሥሩን መዝሙር አንድ ንጉሥ ይሉታል፤ ስለዚህ ሰኞ ማለት ሦስት ንጉሥ ነው። አንድ ሰኞ ከሥራ ባልደረባዬ ሰዓት ተውሼ አባቴን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ለካኋቸው። ከ"ብፁዕ ብእሲ" ጀምረው ሠላሳውን ሲፈጽሙ ልክ አንድ ሰዓት ከሩብ! ደቂቃ አይበልጥ፣ ደቂቃ አይጎድል። ዘልዬ ተነሳሁ። እግዚአብሔር ለመንፈሳዊ ነገር የሰጠውን መጽሐፍ የአውራጃው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ከሚፈልገው ደቂቃ ጋር እንዲህ ካስማማው፣ መመረጤ ተጽፎ ያደረ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ።

ደንቡ ቀላል ነበር። ሰኞ ጠዋት ብስክሌቷን በበሩ ላይ አቆማለሁ፤ አባቴ በስመ አብ ብለው ሲጀምሩ እረግጣለሁ። ስመለስ የደረሱበትን ቀይ ክር አስገብተው ያሳዩኛል። ከሠላሳ በታች ከሆነ አሸንፌያለሁ። የመጀመሪያው ሰኞ ስመለስ የሰኞን ጨርሰው፣ ከማክሰኞ ድርሻ ላይ አራት መዝሙር በልተዋል።

"ሰኞ ወጥተህ ማክሰኞ ገባህ" አሉኝ።

እንዲህ ብለው ሲቀልዱ ፊታቸው አይንቀሳቀስም። ቀልድ የወረስኩት ከሳቸው ነው፤ ማጋነኑን ግን ራሴ አመጣሁት።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አባቴ እንደሚጾሙት የሚጾም ሰው አላየሁም። እህል የሚቀምሱት ከቅዳሴ መልስ፣ ፀሐይ ወደ ቆላው ስታዘቀዝቅ ነው፤ እሱም ድመት ብትበላው የምትራብበት ቁራሽ። እኔ ከቤት እጾማለሁ፤ ከቤት ውጭ ያለውን ጫጫ ያለች አንዲት ሻይ ቤት ታውቀዋለች። በየሰኞው ስመለስ ታዲያ ተአምር ይታየኝ ጀመር። ሠላሳ ሁለት። ቀጥሎ ሃያ ዘጠኝ። ቀጥሎ ሃያ ሰባት። በጾሙ አጋማሽ ላይ ቀዩ ክር ሃያ አራተኛው መዝሙር ላይ ገብቶ አገኘሁት።

በል እንግዲህ፣ ያን ጊዜ የሆንኩትን ሁሉ ልንገርህ። መጋዘን ውስጥ ወንበር ላይ መቀመጥ ተውኩ፤ ለብስክሌተኛ ጡንቻ አይሆንም ብዬ። ለሻይ ስንወጣ ባልደረቦቼን ባቴን አስነካኋቸው። አንዱ ነክቶ፣ "ይሄማ የበግ ወርች ነው" አለ፤ ምስጋና መስሎኝ አመሰገንኩት። ጫጫ ስደርስ ነፋሱ ከኋላዬ ቀርቶ አቧራዬን ይበላል፣ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ሾፌር "አሳልፈኝ" ብሎ ጡሩምባ ነፍቶልኛል እያልኩ አወራሁ። ሻንጣ አወረድኩ። ውድድሩ ሁለት ወር ሲቀረው ሸሚዞቼን አጥፌ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት የምለብሰውን ከሻንጣ እያወጣሁ፣ ማታ እያጠፍኩ መመለስ ሆነ ሥራዬ። አባቴ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። አንድ ቀን ብቻ፣ "ጥሩ ነው፤ ቤት ውስጥ እንግዳ ያለ ይመስላል" አሉ።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ዋሉ፣ ሲሰግዱ ሰነበቱ። ጾሙ ተፈታ። ዶሮውም በጉም ተበላ። አባቴ ጉንጫቸው ሞላ፤ ድምፃቸው ከበረንዳው አልፎ የጎረቤት በግ ያስነሳ ጀመር። ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ ክንፍ አውጥቼ ሄጄ ክንፍ አውጥቼ ተመለስኩ። ከብስክሌት ሳልወርድ ጮህኩ፦

"ስንት?"

"ሠላሳ አንድ።"

"ሃያ አንድ?"

"ሠላሳ አንድ አልኩህ።"

ዶሮው ነው አልኩ። ሥጋ ከብዶኝ ነው። ሥጋ አቆምኩ። በሚቀጥለው ሰኞ ሠላሳ ሦስት። ጫጫ ያለችውን ሻይ ቤት ተውኩ፤ ውሃ እንኳ በትንሹ ሆነ። በሦስተኛው ሰኞ ሠላሳ ስድስት! ከጀመርኩበት ቀን ብሼ ተገኘሁ። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ በዚህ አያያዝ የዚያን ዕለት ወደ ኋላ ነድቼ ደሴ ልገባ ነው።

እንቅልፍ አጣሁ። እግሬ ደግሞ ሌሊት አንሶላውን ሲነዳ ያድራል። አንድ ሰው ወገቤን በገመድ አስሮ ወደ መጋዘኑ ጠረጴዛ የሚጎትተኝ ይመስለኝ ጀመር። አዲስ አበባ የሚሄደውን አውቶቡስ ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። የሚያስፈልገኝ ዳገት ነው አልኩና በአንዱ እሁድ፣ አባቴ ቅዳሴ እንደገቡ፣ ወደ አንኮበር ነዳሁ።

መንገዱ ጠጠር ነው። አርባውን ኪሎ ሜትር እንዴት እንደጨረስኩት አልናገርም፤ ብናገር የሚያለቅስ ሰው ይኖራል። ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን ቁልቁለት ስጀምር ግን ተደሰትኩ። ደስታዬ ሦስት መታጠፊያ ቆየ። በአራተኛው ላይ የፍሬኑ ጎማ ተቃጥሎ ሸተተኝ፤ በአምስተኛው ላይ ፍሬን የሚባል ነገር ዓለም ላይ አልነበረም። ራሴን ከነብስክሌቴ አንድ ጥድ ላይ ሰጠሁ። ጥዱ ተቀበለኝ። ከዚያ ብስክሌቷን እየገፋሁ ሽቅብ ተመለስኩ።

ከኋላዬ በቅሎ የያዙ አንድ ጠና ያሉ ሰው ደረሱብኝ። የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፤ ነጭ ኮፍያ፣ የተከረከመ ጢም፣ በግራ እጃቸው ላይ የሚያበራ ሰዓት። ዓይኔ ከሳቸው በፊት ሰዓቱን ሰላም አለው።

"ልጄ፣ እኔ በቅሎዬ ትሸከመኛለች" አሉ ቆም ብለው፤ "አንተ በቅሎህን የምትሸከመው በምን ጥፋትህ ነው?"

"ልምምድ ነው ጋሼ።"

"አላህ ያግዝህ። እና የሚሸልሙት ተሸክሞ ለመጣ ነው?"

አብረን ሽቅብ ወጣን። በመንገድ ላይ ችግሬን ሁሉ አወራሁላቸው፤ ጾሙን፣ ክሩን፣ ሃያ አራቱን፣ ሠላሳ ስድስቱን። ሲሰሙኝ በቅሎይቱ ጭምር ዝም አለች። በመጨረሻ፣ "ይህን ሁሉ ጊዜ የለካኸው ራስህን ነው። የለካህበትን ለክተኸዋል ወይ?" አሉኝ።

"ለክቻለሁ፣ በጥር።"

"ጥር ላይ የጠገበ ሰው በመጋቢት ይርበዋል" አሉና በቅሎይቱን ሳብ አደረጉ።

ጎረቤላ ላይ በርበሬያቸውን የጫነ መኪና ይጠብቃቸው ነበር፤ ደብረ ብርሃን አድረው ሰኞ ረፋዱ ላይ ወደ አዲስ አበባ ያልፋሉ። ብስክሌቴን ከበርበሬው ላይ አወጡልኝ፤ እኔም ከበርበሬው ላይ ወጣሁ። እስከ ደብረ ብርሃን ያስነጠስኩት ማስነጠስ ሁለቱንም ጎማ ይሞላ ነበር። ስንለያይ ሰዓታቸውን ለአንድ ጠዋት እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።

"ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሥራ የለኝም" አሉ። "ሰዓቱንም ይዤ፣ ራሴንም ይዤ እመጣለሁ። የእጅ ሰዓት ያለ እጁ አይላክም።"

እኔ ሌሊቱን ፍሬኔን ስጠግን አደርኩ፤ ሰኞ ጠዋት እሳቸው ቃላቸውን ጠብቀው በረንዳችን ላይ ከአባቴ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ዱሮ ጓደኛ ስለ ብርዱና ስለ በርበሬ ዋጋ ተነጋገሩ። አባቴ በስመ አብ ሲሉ፣ እሳቸው ቢስሚላህ ብለው ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ሁለቱንም አልኩና ረገጥኩ።

ስመለስ ክሩ ሠላሳ ስድስት ላይ ነው። ብስክሌቷን አጥሩ ላይ ጣልኳት። ነጋዴው ግን ከዱካው ተነስተው እጄን ይዘው ወደ በሩ ወሰዱኝና ሰዓቱን አሳዩኝ።

"አንድ ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው የፈጀብህ። አራት ደቂቃ ነው የጎደለህ፤ አልሞትክም" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ "ወላሂ እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን የቸኮለ ሰው ሲያነብ አውቃለሁ። አባትህ ቅድም ሲያነቡ ከኋላቸው ጅብ ያለ ይመስል ነበር። በሁለት መዝሙር መሐል ትንፋሽ አልወሰዱም። መንገዱን ያያሉ፣ ያነባሉ፣ መንገዱን ያያሉ።" ትከሻዬን መታ አድርገው ሄዱ።

ቆሜ አሰላሁ። ጥር ላይ ሠላሳ አራት ስገባ፣ በያኔው ንባባቸው፣ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ነበር። ዛሬ አንድ ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ። በአራት ወር ልምምድ፣ በሁለት ጥንድ ጎማ፣ በአንድ ጥድና በማይቆጠር ወሬ የተሻሻልኩት ስድስት ደቂቃ ነው። ሃያ አራት የሚባለው ጀግና አልነበረም። ሠላሳ ስድስት የሚባለው ሬሳም አልነበረም። በጾሙ ሰዓቴ ጾሞ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሰዓቴ ፈስኳል። ዓለም ላይ ሰዓት ዝጎ፣ ረጥቦ፣ ወድቆ የከዳው ሰው ሞልቷል። ሰዓቱ ሽሮ በልቶ የዘገየበት እኔ ብቻ ነኝ።

ግን የነጋዴው ነገር አልለቀቀኝም። መንገዱን ያያሉ፣ ያነባሉ። ወደ በረንዳው ተመለስኩ። አባቴ መጽሐፋቸውን ወደ ማኅደሩ እየከተቱ ነበር።

"አባባ፣ ከጅብ እንደሚሸሽ ሰው ነው የሚያነቡት አሉኝ።"

"ማን ነው ያለህ?"

"ያልዩ አምባው ሰውዬ።"

"እሳቸው ግዕዝ ይሰማሉ እንዴ?"

"ሰዓት ይሰማሉ።"

አባቴ የማኅደሩን ጠፍር አሰሩ። ፈቱት። እንደገና አሰሩት። ከወንበራቸው ያለ ምክንያት ተነሱ፤ ያን ጊዜ ደነገጥኩ።

"አንዲት ቃል አልዘለልኩም" አሉ መጀመሪያ። "ይህን እወቅ።"

"አልጠረጠርኩም።"

"ንባብ ሁለት ዓይነት ነው። ድምፅህን እየጎተትክ፣ እያረፍክ የምታነበው አለ፤ ውርድ ንባብ ነው። ቀጥ ብለህ የምትነጉድበት ደግሞ አለ፤ ቁም ንባብ። ሁለቱም የታወቀ ነው፤ ሁለቱም ትክክል ነው። በጾም ሆዴ ባዶ ስለሆነ ውርድ ነው ያነበብኩት።" የማኅደሩን ጠፍር ሳብ አደረጉ። "ደግሞ ክሩን ስታይ ትስቅ ነበር። በሚቀጥለውም ሰኞ ይበልጥ ረጋ አልኩልህ።"

"አሁንስ?"

"አሁን..." ወደ ኬላው አቅጣጫ ተመለከቱ። "አሁንማ የሚወራውን አትሰማም? በየመንገዱ ጎረምሳ እያስቆሙ መኪና ላይ ጭነው ወደ ጦር ማሠልጠኛ ይወስዳሉ ይባላል። የደብራችን ዲያቆን ወንድም እንጀራ ሊገዛ ወጥቶ ቀረ። አንተ የምትመጣው ሠላሳው ላይ ነው። ለኔ ሠላሳ ማለት አንተ በበሩ መግባትህ ነው። ሠላሳው ቶሎ ከደረሰ ቶሎ የምትመጣ ይመስለኛል። ሠላሳው ይደርሳል፣ አንተ የለህም። ሠላሳ ሁለት፣ የለህም። ያን ጊዜ ይብሳል።" ጋቢያቸውን ተከናነቡ። "ጅልነት ነው። መጽሐፍ በተማረ ሰው አያምርም።"

በሕይወቴ ቀልድ የጠፋብኝ ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱ ያ ነው።  

"ብመረጥስ?" አልኩ።

"ብትመረጥማ አዲስ አበባ ነው" አሉ። "አዲስ አበባ ስንት ዳዊት ነው?" መልስ ሳይጠብቁ ገቡ።

የቀሩትን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንደተለማመድኩ ሰይጣን ራሱ ያውቃል፤ አብሮኝ ይነዳ ነበርና። አራቱን ደቂቃ ከየት እንደማመጣ ሳስብ አንድ ነገር አገኘሁ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ከልጅነቴ ሠላሳውን በቃሌ አውቃለሁ። አባቴ ሰሞኑን በሚያነቡበት ፍጥነት፣ በቁም ንባብ፣ በውስጤ እያነበብኩ እግሬን በእሱ ምት ማዞር ጀመርኩ። ቃሉ ሲነጉድ ፔዳሉ ይነጉዳል። የፈራ ሽማግሌ ምን ያህል እንደሚፈጥን ያኔ አወቅሁ፤ ልደርስባቸው ሳንባዬን አፌ ላይ አመጣሁት።

የውድድሩ ቀን አሥራ አንድ ሆነን ኬላው ላይ ቆምን። ጠባቂው ገመዱን ራሱ ዘርግቶ ራሱ አወረደው፤ በጣም ከመኩራቱ የተነሳ ካፖርቱ ልክ የሆነው መሰለ። ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ የላከው ሰውዬ አንገቱ ላይ ሰዓት አንጠልጥሏል። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከሰዉ ለየት ብለው ቆመዋል። መጽሐፋቸውን አልያዙም፤ በቃላቸው ሊያነቡ ነው አልኩ። ተለቀቅን።

ጫጫ ላይ መንገዱ መሐል የቆመውን በርሜል ስንዞር ከፊቴ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የፋብሪካ መካኒክ፣ ባቱ የበርበሬ ሙቀጫ የሚያክል። ነፋሱ ተገልብጦ ፊታችንን ይመታን ጀመር። ሃያኛው መዝሙር ላይ ጀርባውን ደረስኩበት፤ ሃያ አምስት ላይ ጎን ለጎን ሆንን። ዞር ብሎ አየኝ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ሲያይ እየጸለይኩበት መስሎት ደነገጠ። ደንግጦም ፈጠነ። ያን ሰው ያስመለጠው ዳዊት ነው።

እሱ በአንድ ሰዓት ከአሥራ ሦስት ደቂቃ ገባ። እኔ በአንድ ሰዓት ከአሥራ አራት። ገብቻለሁ! ስሜ ተጻፈ። የተጻፈው ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ነው፤ ከአጠገቡም "ተጠባባቂ" ተባለበት። አንደኛው ቢታመም ወይም ቢሰበር እጠራለሁ ማለት ነው።

ብስክሌቷን ሣሩ ላይ ጥዬ ወደ አባቴ ሄድኩ። "ስንት ደረሱ አባባ?"

"አላነበብኩም" አሉ።

"ለምን?"

"ሰዓት ያለው ሰው አለ አይደል እንዴ። እኔ እስቲ ልየው አልኩ።" መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ሁልጊዜ ስትሄድ ጀርባህን ነው የማውቀው። ከሩቅ ስትመጣ እንዴት እንደምትሆን ረግቼ አይቼ አላውቅም ነበር። አንገትህን እንደ እናትህ ነው የምትሰብረው።"

ከዚያ በኋላ ያለው ተጠባባቂነት ነው። ከተጠባባቂ የበለጠ የሚንቀዠቀዥ ፍጡር እግዚአብሔር አልፈጠረም። ሻንጣዬ እንደታሸገ ነው። አንደኛ የወጣውን መካኒክ ጤና በየሳምንቱ እየሄድኩ ቤተሰቦቹን እጠይቅ ነበር። "ጉንፋን እንኳ የለም? ቁርጥማትስ? ደረጃ ላይ ተጠንቅቀህ ውጣ በሉት።" እናቱ ስለ ደግነቴ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። ያ ሰውዬ ግን አላስነጠሰም። ድንጋይ ቢውጥ ድንጋዩ የሚታመምበት ዓይነት ሰው ነበር። የመጥሪያው ደብዳቤ አልመጣም።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ጀመረ፤ የሐዋርያት ጾምም ገባ። ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ሲከፈት ብስክሌቷን አወጣሁ። እግሬ እንደ ልማዱ ነው። የሚነዳበት ውድድር የለም፤ የሚነዳበት ከተማ የለም፤ ይነዳል። አባቴ አትሮንሱን አቆሙ፣ በስመ አብ አሉ፣ እኔም ረገጥኩ።

ከበራችን ሃምሳ እርምጃ እንደራቅሁ ጆሮዬ ድምፃቸውን ያዘው። ፍሬን ጨበጥኩ። ጾም ነው፤ ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ውርድ ንባብ መሆን ነበረበት። አልነበረም። ቁም ንባብ ነው፤ ትንፋሽ የሌለው፣ ቃሉ ቃሉን የሚረግጥ። ገና የመጀመሪያው መዝሙር ነው። ምን ሰምተው እንደሆነ አላውቅም። ማታ ቤተ ክርስቲያን የተወራ ነገር ይሆናል፤ አልነገሩኝም፤ አትሂድ አላሉኝም። ዝም ብለው ነው ያፈጠኑት።

ቀጥዬ ነዳሁ፤ እግሬን ማቆም አይቻልማ። ኬላውን አለፍኩ። ጠባቂው፣ "ዛሬስ ለምን ትሄዳለህ?" አለኝ፤ ያቺን ጥያቄ ሳያነሳ ውሎ አያውቅም። ድልድዩ ጋ ስደርስ መንገዱ እስከ ጫጫ ድረስ ባዶ፣ ሰፊ፣ እርጥብ ሆኖ ተዘረጋ። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ ነው። ወታደር የለም፣ መኪና የለም፣ አንድ አህያ ብቻ ገብስ ማሳ ዳር ቆማ ታየኛለች። ምንም የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። እውነቴን ነው፤ ይህን እንኳ አላጋንንም።

ዞርኩ።

ኬላው ላይ ጠባቂው ገመዱን እያወረደ፣ "አየህ፤ እኔ ከመጀመሪያው ነግሬህ ነበር" አለኝ።

በበሩ ስገባ አባቴ ድምፃቸውን ቆረጡ። ቀና ብለው አዩኝ። ብስክሌቷን አዩ። ጎማውን አዩ፤ ጭቃ እንኳ በወጉ አልነካውም።

"ጫጫ ደርሰህ ነው?"

"ደርሼ ነው።"

"በስምንተኛው መዝሙር?"

"ምን ላድርግ አባባ፤ ተሻሽያለሁ።"

ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም። ቀዩን ክር አነሱና ስምንተኛው መዝሙር ላይ በጥንቃቄ አስገቡት፤ እንደ ትክክለኛ ውጤት። ከዚያ ወንበራቸውን አመቻችተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዘጠነኛውን ጀመሩ። ውርድ ንባብ ነበር። እያንዳንዷን ቃል ሲጎትቷት፣ ሲያሳርፏት፣ እንደገና ሲያነሷት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አደመጥኳቸው። እግሬ ግን ወለሉን እየመታ ነበር፤ አልዋሽም።

ዛሬ ሆዴ ከብስክሌት መሪ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ሆኛለሁ። መጽሐፉ እኔ ዘንድ ነው። ወጣት ብስክሌተኞች ጫጫ ደርሶ መልስ በስንት እንደገባሁ ሲጠይቁኝ ስምንተኛው መዝሙር ላይ ያለውን ክር ሳልነቅል አሳያቸዋለሁ። እስካሁን የሰበረው የለም።